ትርጉም የማይሰጥ መዝገበ ቃላት

ኦክስፎርድ ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች ያሳተመውን የኮሎኬሽን (የቃላት ጥምረት) መዝገበ ቃላት ከፍቶ የቃል ፍቺ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ውሳኔ ምን እንደሆነ አይናገርም፤ ዝናብ ምን እንደሆነ አይናገርም። አንድ ስም ሁለት ሦስት ትርጉም ሲኖረው ለመለያ ያህል አንድ ሁለት ቃል ጣል ከማድረግ በቀር ፍቺ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውል ነው፤ ከየትኛው ግስ፣ ከየትኛው ቅጽል፣ ከየትኛው መስተዋድድ። የመጀመሪያው እትም በ2002 ሲወጣ ወደ 9,000 በሚጠጉ መሪ ቃላት ሥር 150,000 ጥምረቶችን ይዞ ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመዝገበ ቃላት ፍቺን መተው ድፍረት ይጠይቃል። ግን መጽሐፉን ከመደርደሪያ የሚያወርደውን ሰው እናስበው። «ዲሲዥን» ውሳኔ መሆኑን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪም ያውቀዋል። ተማሪው የሚቸገረው ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ነው፤ ስሙ በእጁ አለ፣ ግሱ ጠፍቶበታል። በአማርኛ ውሳኔ ይሰጣል፣ ይተላለፋል፣ አንዳንዴም ላይ ይደረሳል። በእንግሊዝኛስ? «ጊቭ» ብሎ ይጽፍና አንድ ነገር ይጎረብጠዋል፤ ምን እንደጎረበጠው ግን አያውቅም። ፍቺ ይህን ሰው ምንም አይረዳውም። አዘጋጆቹ ለእርሱ ብቻ ሲሉ ሌላውን ሁሉ ከገጹ አወጡት።

አሁን ገጹን ቀረብ ብለን እንየው። «ዲሲዥን» ሥር ቅጽሎቹ ይቀድማሉ፤ ቀጥሎ ከስሙ በፊት የሚመጡ ግሶች፣ ከዚያ ስሙ ራሱ ባለቤት ሲሆን የሚከተሉት ግሶች፣ ከዚያ መስተዋድዶች፣ መጨረሻ ላይ ሐረጎች። ከስሙ በፊት በሚመጡት ግሶች ላይ እንቆይ። «ሜክ»፣ «ሪች»፣ «ካም ቱ»፣ «አራይቭ አት» አንድ ላይ ተቀምጠዋል፤ እነዚህ ውሳኔው እንዲወለድ የሚያደርጉ ናቸው። «ፖስትፖን» እና «ዲፈር» ሌላ ቤት አላቸው፤ ውሳኔው ገና ሳይወለድ የሚያቆዩት ናቸው። «አፕሆልድ» ያጸናዋል። «ሪቨርስ» እና «ኦቨርተርን» ደግሞ ይገለብጡታል። በእነዚህ ቤቶች መካከል ያለው ግድግዳ አንዲት ቀጭን ቀጥ ያለች መስመር ናት፤ ከዚህች መስመር በቀር ማብራሪያ የለም።

ይህች መስመር የመጽሐፉ ትልቁ ጥበብ ትመስለኛለች። በትርጉም የሚቀራረቡትን በአንድ ወገን ታስቀምጣለች፤ ሌሎቹን ወዲያ ማዶ። ከቡድኑ አንዱን ግስ የሚያውቅ አንባቢ የቀሩትን በጉርብትና ይገምታቸዋል። «ሪቨርስ» ምን እንደሆነ ካወቀ ከጎኑ ያለው «ኦቨርተርን» ሩቅ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ፍቺ ተወ የተባለው መጽሐፍ በሌላ መንገድ ፍቺ እየሰጠ ነው፤ አንድ ቃል ሳያባክን። የት ላይ መስመር እንደሚሰመር፣ የትኛው ግስ ከየትኛው ጋር እንደሚታጎር የወሰነው ሰው ያችን ገጽ ስንት ጊዜ ደጋግሞ እንዳያት መገመት አያቅትም። በቸልታ የተሰመረች አንዲት መስመር ተማሪውን ወደ ተቃራኒው ትወስደዋለችና።

ሁለተኛው ጥበብ መጽሐፉ ውስጥ የሌለው ነገር ነው። በዚህ መጽሐፍ «ሜክ» ብለው ቢፈልጉ ራሱን የቻለ ገጽ አያገኙም። «ዱ»ም የለም፣ «ሃቭ»ም የለም። የትምህርት ቤት መጻሕፍት ከዚህ ተቃራኒ ናቸው። ሰሌዳውን ለሁለት ይከፍሉና በአንዱ ወገን ከ«ሜክ» ጋር የሚሄዱትን፣ በሌላው ከ«ዱ» ጋር የሚሄዱትን ይደረድራሉ፤ ስህተት «ሜክ» ነው፣ የቤት ሥራ «ዱ» ነው፣ ጫጫታ «ሜክ» ነው፣ እያለ ይቀጥላል። ተማሪው ዝርዝሩን ይሸመድድና ለፈተና ይደርሳል፤ ደብዳቤ ሲጽፍ ግን አይጠቅመውም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ማንም ሰው «ሜክ የምትለዋን ግስ ዛሬ ለምን ልጠቀምባት?» ብሎ ዓረፍተ ነገር አይጀምርም። ሐሳቡ ውስጥ ያለው ስህተቱ ነው፣ የቤት ሥራው ነው፣ ውሳኔው ነው። ስሙ ቀድሞ ይመጣል፤ ግሱ ይፈለግለታል። የኦክስፎርድ አዘጋጆች በሩን የተከሉት ሰውየው በሚመጣበት በኩል ነው። «ሜክ» በራሷ ትርጉሟ የሳሳ ስለሆነች የሌሎች ተከታይ ሆና በየስሙ ሥር ትገኛለች እንጂ ለብቻዋ ቤት አልተሠራላትም። የሰሌዳው ዝርዝር እስከ ዛሬ ለምን እንዳልቀረ አይገባኝም። ምናልባት ለማረም ስለሚቀል ይሆናል።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር ነው። «ሲ» የምትለውን ግስ ብንወስድ ፊልም ታያለች፣ ሐኪም ታያለች፣ ምክንያትንም ታያለች። ፊልም ማየት ማንም ሊገምተው የሚችል ልቅ ጥምረት ነው። ሐኪም ማየት ግን መታከም ነው፤ በዓይን ተመልክቶ መመለስ አይደለም። «ሲ ሪዝን» ሲባል ደግሞ ሰውየው ወደ ልቡ ተመለሰ ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ግሷና ስሙ ተጣብቀዋል፣ በቦታቸው የሚገባ ሌላ ቃል እምብዛም የለም። የመጽሐፉ መግቢያ ከልቅ እስከ ጥብቅ ያለውን ይህን ርቀት በግልጽ ያስቀምጠዋል፤ ክብደቱም የሚያርፈው መሃሉ ላይ ነው።

መሃሉ ለምን? ናድያ ኔሰልሃውፍ በ2005 ባሳተመችው ጥናት ጀርመንኛ ተናጋሪ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ የጻፏቸውን ድርሰቶች ወስዳ የግስና የስም ጥምረቶቻቸውን አንድ በአንድ ፈትሻ ነበር። እነዚህ ተማሪዎች ጀማሪዎች አልነበሩም። ስህተቱ የበዛው እጅግ በተጣበቁት ጥምረቶች ላይ አልነበረም፤ እነርሱን ተማሪው እንደ አንድ አዲስ ቃል ሙሉውን ይይዛቸዋል። የሚሳሳተው በመካከለኞቹ ነው፤ ግሱ ከብዙ ስሞች ጋር ይሄዳል፣ ከዚህኛው ጋር ግን አይሄድም። እዚያ ተማሪው ነጻ የሆነ ይመስለዋል፤ ነጻነት ሲሰማው ደግሞ የእናቱን ቋንቋ ግስ ይዞ ይገባል።

አማርኛ ተናጋሪም እዚሁ ላይ ይሰናከላል። እኛ ዘንድ ጉንፋን ሰውን ይይዛል፤ ሰውየው ምንም አላደረገም፣ ተይዞ ተገኘ። እንግሊዝኛ ደግሞ ሰውየውን ያዥ አድርጎ ጉንፋኑን ያስይዘዋል፤ «ካች ኤ ኮልድ»። ግሱ ያው መያዝ ነው፤ ያዡና የተያዘው ቦታ ተቀያየሩ። ልብስ ላይ ደግሞ ሀብቱ ከእኛ ጋር ነው። ልብስ ይለበሳል፣ ቀበቶ ይታጠቃል፣ ሰዓት ይታሰራል፣ ጥምጣም ይጠመጠማል፣ መነጽር ይደረጋል፤ እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ በአንዲት «ዌር» ይጨርሰዋል። ጠላ ይጠመቃል፣ ጠጅ ይጣላል፣ ቡና ይፈላል፤ እነርሱ ለሦስቱም «ብሩ» ቢሉ ያስኬዳል። ከብዙ ወደ አንድ መሄድ አያስቸግርም። ጭንቁ ከአንድ ወደ ብዙ ሲኬድ ነው፤ አማርኛ የሚማር እንግሊዛዊ ጠጅ ሲጠምቅና ሰዓት ሲለብስ ቢገኝ አይፈረድበትም።

ጥምረቶችን የመሰብሰቡ ሙያ ለንደን ውስጥ አለመጀመሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሃሮልድ ፓልመር የተባለው እንግሊዛዊ የቋንቋ መምህር በ1922 ጃፓን ገባ፤ በዓመቱ ቶኪዮ ውስጥ የእንግሊዝኛ ማስተማር ምርምር ተቋም ተከፍቶ እርሱ መራው። በ1924 ደግሞ አልበርት ሲድኒ ሆርንቢ የተባለ ወጣት ኪዩሹ ደሴት ላይ ኦይታ በምትባል ከተማ ሊያስተምር መጣና በኋላ ከፓልመር ጋር ተገናኘ። ሁለቱ በቀን በቀን የሚያዩት ጃፓናዊ ተማሪ ከባድ ቃላትን ሸምድዶ በቀላሎቹ ሲወድቅ ነበር። በ1933 ተቋሙ «ስለ እንግሊዝኛ ኮሎኬሽኖች ሁለተኛ ጊዜያዊ ዘገባ» የሚል ሥራ አወጣ። ስሙ ለቢሮ ማኅደር የተዘጋጀ ወረቀት ይመስላል። ውስጡ ግን ኮሎኬሽን ሙሉውን እንደ አንድ ነገር መያዝ ያለበት የቃላት ሰልፍ መሆኑን ተናግሮ፣ ጥምረቶቹን በሰዋስው ዓይነታቸው እየለየ ይደረድራል። በዘርፉ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሁሉ የዚህ ዘገባ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ሆርንቢ መንገዱን ቀጠለ። ከጋተንቢ እና ከዌክፊልድ ጋር ያዘጋጀው የተማሪዎች መዝገበ ቃላት በ1942 ካይታኩሻ በተባለ የቶኪዮ አሳታሚ ታተመ። ዓመቱን ልብ ይበሉ፤ ጃፓንና ብሪታንያ ጦርነት ላይ ናቸው፣ ሆኖም አንድ የጃፓን አሳታሚ የጠላት አገር ቋንቋ ግሶች እንዴት እንደሚሰካኩ የሚያሳይ መጽሐፍ ያትማል። ኦክስፎርድ በ1948 የዚያኑ መጽሐፍ ገጾች ፎቶግራፍ አንስቶ እንደገና አሳተመው፤ ዛሬ በየቤቱ ያለው ትልቁ የኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት የተወለደው ከዚያ ነው። ለንደን ውስጥ ተወልዶ ለንደን ውስጥ የሚኖር ሰው ውሳኔ «ሜክ» መደረጉን አያስተውለውም፤ እንደ አየር ይስበዋል። ለማየት ኦይታ መሄድ ያስፈልግ ነበር።

ሌላው የምወደው መጽሐፍም ከውጭ በመጣ ዓይን የተሠራ ነው። ሞርተን ቤንሰን በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የስላቭ ቋንቋዎች ፕሮፌሰር የነበረ ሲሆን የታወቀውም በሰርቦ-ክሮኤሽያን መዝገበ ቃላት ነው። ከኤቭሊን ቤንሰን እና ከሮበርት ኢልሰን ጋር ያዘጋጀው የእንግሊዝኛ ጥምረቶች መዝገበ ቃላት በ1986 በአምስተርዳሙ ጆን ቤንጃሚንስ ታተመ፤ በሦስቱ ስም መነሻ ፊደላት ቢቢአይ ይባላል። ከኦክስፎርዱ ይልቅ ደረቅ ነው፣ ለዓይንም አይጋብዝም። አከፋፈሉ ግን ባለሙያን ያስቀናል። የግስና የስም ጥምረቶችን ለሁለት ይከፍላቸዋል። አንደኛው ወገን ነገሩን የሚፈጥሩ ወይም ወደ ሥራ የሚያስገቡ ግሶች ናቸው፤ ሁለተኛው የሚያጠፉት ወይም ዋጋ የሚያሳጡት። ማንቂያ ደወል «ሴት» ይደረጋል፣ ሙዚቃ «ኮምፖዝ» ይደረጋል፤ እነዚህ የመውለጃ ግሶች ናቸው። ፈቃድ «ሪቮክ» ይደረጋል፣ የምስጢር ጽሕፈት «ብሬክ» ይደረጋል፣ ከበባ «ሊፍት» ይደረጋል፤ እነዚህ ደግሞ የመግደያ ናቸው። ስም ሁሉ የሚወለድበትና የሚሞትበት ግስ አለው ብሎ ማሰብ፣ ያንንም የመጽሐፍ መዋቅር ማድረግ ከሰዋስው ይልቅ ወደ ተፈጥሮ ታሪክ የሚጠጋ ዓይን ነው። ከበባ በእንግሊዝኛ ወደ ላይ መነሳቱ ደግሞ እኛን አያስደንቀንም፤ የእኛም ማዕቀብ ይጣላል፣ ይነሳል።

ቢቢአይ የጣላቸውንም ማየት ያስፈልጋል። ድልድይ መገንባት የለም፤ መገንባት የሚለው ግስ ቤትም፣ መንገድም፣ ግድብም ስለሚገነባ ማንም ይገምተዋል። ግድያን ማውገዝ የለም፤ ከግድያ ጋር የሚውሉ እንዲህ ያሉ ግሶች መቶዎች ናቸው። «ኮሚት» ግን አለ፤ ግድያን የሚፈጽመው ግስ እርሱ ስለሆነና በቦታው የሚገቡት ጥቂት ስለሆኑ። አንድ ሠራተኛ ይህን ወንፊት ፊደል በፊደል፣ ስም በስም፣ ኮምፒዩተር እንደልብ ባልነበረበት ጊዜ በራሱ ጆሮ እየመዘነ ሲነፋ መዋሉ ቀላል ነገር አይደለም።

በኋላ ማሽኑ መጣ። በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጆን ሲንክለር የመራው የኮቢልድ ፕሮጀክት በ1987 መዝገበ ቃላቱን ሲያወጣ ሠራተኞቹ ከኮምፒዩተር የወጡ ረጃጅም ወረቀቶችን ያነቡ ነበር። የሚፈለገው ቃል በገጹ መሃል ቀጥ ብሎ ከላይ እስከ ታች ይሰለፋል፤ ግራና ቀኙ ጎረቤቶቹ ናቸው። የኦክስፎርዱ የመጀመሪያ እትም ደግሞ 100 ሚሊዮን ቃላት ባሉት የብሪታንያ ብሔራዊ ኮርፐስ (የቋንቋ ናሙና ክምችት) ላይ ተመሥርቷል። አሁን ማሽኑ ይቆጥራል፣ ሰው ማረፍ ይችላል የሚል ካለ ቁጥሩን አላየውም። ዝም ብሎ የሚቆጥር ማሽን ከ«ዲሲዥን» አጠገብ አዘውትሮ የሚገኘው «ዘ» ነው ብሎ ይመልሳል። ኬኔት ቸርች እና ፓትሪክ ሃንክስ በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ ሌላ ስሌት አቀረቡ፤ ሁለት ቃላት በአጋጣሚ ሊገናኙ ከሚችሉት በላይ ምን ያህል እንደሚገናኙ የሚለካ። ይህም በበኩሉ ሦስት አራት ጊዜ ብቻ የተገናኙ ብርቅ ጥንዶችን ከላይ ያወጣቸዋል። ቀጥሎ አዳም ኪልጋሪፍ የአንድን ቃል ጎረቤቶች በሰዋስው ሚናቸው ለይቶ በአንድ ገጽ የሚዘረጋ ዘዴ ሠራ፤ በ2002 የወጣው የማክሚላን መዝገበ ቃላት ተጠቀመበት። ያ ገጽ ራሱ ያማረ ሥራ ነው፤ ባለቤት የሚሆኑት በአንድ ዓምድ፣ ተሳቢ የሚሆኑት በሌላ፣ ቅጽሎቹ ለብቻ። ያም ሆኖ ቀጭኗን መስመር የሚያሰምር ማሽን አላየሁም። «ፖስትፖን»ን ከ«ሪቨርስ» የሚለየው አሁንም ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው።

መጽሐፉ ነቀፌታ የለበትም ማለት አይደለም። መስመሯ ቡድኑን ታሳያለች እንጂ በቡድኑ ውስጥ ያለውን ልዩነት አታሳይም። «ሪች» ሲባል ብዙ ተመካክረው የደረሱበት ይመስላል፤ «ሜክ» ግን አንድ ሰው ቆሞ ሊያደርገው ይችላል። ይህን ተማሪው ከምሳሌዎቹ ለቅሞ ማውጣት አለበት፤ ምሳሌ ደግሞ ለሁሉም ጥምረት የለም። ውሳኔን «ቴክ» ማድረግ የብሪታንያ ልማድ ነው፤ አሜሪካ ለሚጽፍ ሰው ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። በ2009 የወጣው ሁለተኛው እትም ጥምረቶቹን ወደ 250,000 ከፍ አድርጓቸዋል። መብዛቱ ለተርጓሚ በረከት ነው፤ ለጀማሪ ግን ጫካ ይሆንበታል። እኔ ለተማሪ የምመርጠው አሮጌውን ነው።

የተገኘውም በስልክ ከሆነ ሌላ ነገር ይጎድላል። ስልክ የጠየቁትን ብቻ ያመጣል። ወረቀቱ ላይ ዓይን አንድ ግስ ፍለጋ ገብቶ ሦስት ሌላ ይዞ ይወጣል፤ «ዲሲዥን»ን የፈለገ ከጎኑ «ዲፊት»ንም ያያል። ትምህርቱ የሚገኘው ከዚህ መንገድ መሳት ነው።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ በአማርኛ እስኪሠራልን ድረስ የእንግሊዝኛው ጥምረት በራሱ ጊዜ ወደ እኛ እየገባ ነው። ዜና አንባቢው ሚና ያጫውታል፤ ወጣቱ ሻወር ይወስዳል። አንዳንዱ ተመችቶን ተቀምጧል፤ «እርምጃ መውሰድ»ን ዛሬ ማን እንግዳ ይለዋል? ሻወሩን ግን እኔ ዛሬም እታጠባለሁ።

የእነ ቤንሰንን መንገድ በአንድ የራሳችን ስም ላይ ብንሞክረው ምን ይመስላል? ዕቁብን እንውሰድ። ስሙ ተሳቢ ሲሆን፦ ጀመረ፣ አቋቋመ | ገባ | ጣለ | ወሰደ፣ በላ። ስሙ ባለቤት ሲሆን፦ ወጣ፣ ደረሰ | ፈረሰ፣ ተበተነ። ልደቱም ሞቱም አለ፤ መሃሉም አለ። ወዲያው ግን የአርታኢው ጭንቅ ይጀምራል። «ገባ» ተራ የተሳቢ ግስ አይደለም፤ ሰው ዕቁብ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ለብቻው መስመር ሰጠሁት። «ወጣ» እና «ደረሰ» በአንድ ቤት ይደሩ? ዕጣው ሲወጣለት ነው የሚደርሰው፤ እሺ፣ ይደሩ። «ወሰደ» እና «በላ» ግን ያስቸግራሉ። ተራው ደርሶት የወሰደ ሰው ዕቁቡን በላ ይባላል፤ በልቶ ከዚያ ወዲያ መጣሉን የተወውም በላ ይባላል። የመጀመሪያው ሰው ከ«ወሰደ» ጋር ይቀመጥ። ሁለተኛው ግን ከመስመሩ ማዶ ከ«ፈረሰ» አጠገብ መሄድ አለበት፤ እርሱ ከበላ በኋላ የሚቀረው ያው መፍረስ ነውና።